የአባቴን ቮልስ ትክክለኛ ቁልፍ ለለዩልኝ የደሴ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስ የተረከብኩት በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተጠራቀሙ ዘጠኝ ቁልፎች ጋር ነበር። ከዘጠኙ ሞተሩን የሚያስነሣው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እየወዘወዙ ካላባበሉት አይዞርም። በሌላ ከተማ ያሳየኋት ጋራዥ የማስነሻውን ቁልፍ ከሚገባበት ሲሊንደር ጋር አውጥቼ በሌላ እንድተካ መክሮኝ ስለነበር፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩት አዛውንት ቁልፍ ቀራጭ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እንደ ሠፈራቸው ሰው «ሐጂ» ብዬ እጠራቸዋለሁ።

ሐጂ ቁልፎቹን ከማየታቸው በፊት የኋላውን ወንበር አንሥተው የሻንሲውን ቁጥር አነበቡ። ሊብሬዬ 1964 (እ.ኤ.አ.) ይላል፤ ቁጥሩ ግን በ115 ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ቮልስዋገን አዲሱን ሞዴል የሚያወጣው በኦገስት ወር ስለነበር፣ በ1964 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1965 ሞዴል ተብላ ትቆጠራለች፤ 11 የመኪናዋን ዓይነት፣ 5 ደግሞ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። መስኮቶቿ ከቀደሙት ሰፋ ያሉ መሆናቸውንም አይተው ይህንኑ አረጋገጡ። ስለ ዓመቱ እንዲህ መጨነቃቸው መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ለካ ፋብሪካው የቁልፉን የጎን ቦይ ቅርጽ በተለያየ ጊዜ ይለውጥ ስለነበር፣ ሞዴሉ በትክክል ካልታወቀ ፍለጋው ከጅምሩ ይስታል።

ከዚያ ቁልፎቹን በነጭ ጋዝ አጥበው በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ መረመሯቸው። በፋብሪካው ቁልፍ ላይ የተመቱት ፊደላት የቦዩን ዓይነት፣ ቁጥሩ ደግሞ የጥርሱን አቆራረጥ ያመለክታሉ። ይኸው ምልክት በበሩ እጀታ ውስጠኛ ዘንግ ላይም ስለሚገኝ፣ እጀታውን በጥንቃቄ ፈትተው አስተያዩት። የተመሳሰለው ቁልፍ እኛ ቤት «የሌላ መኪና ነው» ተብሎ ለዓመታት የተጣለው ሆነ! ስንገለገልበት የኖርነው ግን የቅጂ ቅጂ ነበር፤ ያለቀ ቁልፍ ሲቀረጽ እልቀቱ አብሮ ስለሚቀረጽ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ከፊተኛው ትንሽ ትንሽ እየራቀ ይሄዳል።

ዋናው ቁልፍ እምቢ ያለበት ምክንያት ደግሞ የራሳችን ጥፋት ነበር፤ ቁልፉ በጠጠረ ቁጥር የሞተር ዘይት ስናፈስበት ስለኖርን፣ ዘይቱ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን ስስ ሳህኖች አስሯቸዋል። ሐጂ አጥበው አደረቁት፤ በዘይት ፈንታም የግራፋይት ዱቄት ጨመሩበት። ቁልፉ ያለ ምንም ውዝወዛ ዞረ። አባቴ ቢያይ ምን ይል እንደነበር እያሰብኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።

ሁለት ቅጂ ከዋናው ላይ ቀርጸውልኝ ዋናውን ቤት እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። ቁጥሩን የያዘ ሰው ቁልፉን ሳያይ ሊያስቀርጽ ስለሚችል ፎቶውን እንዳልለጥፍም አስጠንቅቀውኛል፤ እዚህ ያላያችሁት ስለዚህ ነው። የተቀበሉኝ የቅጂዎቹንና የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ሲሊንደሩን ለውጥ ቢሉኝ ኖሮ የበለጠ ያገኙ ነበር። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ከኮምቦልቻም ሆነ ከሐይቅ የድሮ መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ፣ አይሠራም ያላችሁትን ቁልፍ ጭምር ሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ግን ሌላ ቀን ብትመርጡ ይሻላል።