«የለም» ላለኝ ምስጋና

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ ከብዶኛል። የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ባለፈው ሳምንት አስገባሁ። ኢንስፓየር የሚባለው የፊዚክስ ጽሑፎች መፈለጊያ ባይኖር ኖሮ ዛሬም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የማጠናው ኒውትሪኖ ስለሚባለው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ልጄ ገና ጨቅላ ናት፤ የምሠራው እሷ ስትተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣቀሻ የመፈለጉን ሥራ ለአንድ የኤአይ ረዳት ሰጠሁት። ስሙን አልጠራም። ወዲያው 20 ማጣቀሻ ደረደረልኝ። የደራሲ ስም አለ፣ ጆርናል አለ፣ ቅጽና ገጽ አለ። ደስ ብሎኝ ምዕራፉን ለአማካሪዬ ላክሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠሩኝና «ይህን ጽሑፍ አንብበሽዋል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ጆርናሉን ከፍተው አሳዩኝ። በዚያ ገጽ ላይ ያለው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው፤ ጉዳዩም ሌላ። ደራሲዎቹ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ጆርናሉም አለ፣ ጽሑፉ ግን በምድር ላይ የለም። ከ20ው 7ቱ እንዲህ ሆነው ተገኙ። አማካሪዬ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ገንዘብ ከፍዬ ሌላ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ያሉ ጽሑፎችን ያመጣና ያላሉትን «ብለዋል» ይለኛል። ለደንበኞች አገልግሎቱ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስም የለ፣ ገንዘቤም አልተመለሰ።

ያዳነኝ አብሮኝ የሚማር፣ እንደ ወንድም የማየው ጓደኛዬ ነው። «ኤጀንቱ፣ ማለት የኤአይ ረዳትሽ፣ ከራሱ እያወጣ እንዳያወራ እናድርገው» አለና ከኢንስፓየር ጋር አገናኘልኝ። መሃል ላይ ያለው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። አስረድቶኛል፣ አልገባኝም። የገባኝ ኤጀንቱ ጥያቄዬን ወደ ኢንስፓየር ይዞ ሄዶ፣ ከመዝገቡ ያገኘውን ይዞ እንደሚመለስ ነው። ክፍያ የለውም። ምዝገባም አልጠየቀኝም።

ለሙከራ ሂግስ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት መገኘቱ የተነገረባቸውን፣ አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የጻፏቸውን ጽሑፎች ጠየቅኩት። የአትላስን 1207.7214፣ የሲኤምኤስን 1207.7235 አመጣ። ጽሑፎች በነፃ በሚነበቡበት አርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ራሴ ከፍቼ አየኋቸው፤ ልክ ናቸው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ 12 ዓመቱ (እ.ኤ.አ. 2012)፣ 07 ወሩ (ጁላይ) ነው።

ከዚያ ከእነዚያ 7 የፈጠራ ማጣቀሻዎች አንዱን ሰጠሁት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ልቤ እየመታ ጠበቅሁ። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «በዚህ ርዕስና በእነዚህ ደራሲዎች የተመዘገበ ጽሑፍ አልተገኘም።» ቀጥሎም እነዚያው ደራሲዎች በዚያው ጉዳይ ላይ የጻፏቸውን ሦስት ጽሑፎች ከነመለያ ቁጥራቸው አስከተለ። አለቀስኩ። ለወራት ሁሉም «አለ፣ አለ» ሲለኝ ከርሞ፣ ደፍሮ «የለም» የሚለኝ አገኘሁ።

ያ «የለም» ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በስታንፎርድ ስላክ የሚባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ገና ያልታተሙ ጽሑፎችን አንድ በአንድ እየመዘገቡ ዝርዝር ያወጡ ነበር። በ1974 ስፓየርስ የሚባል የኮምፒውተር መዝገብ ሆነ። በዲሴምበር 1991 ስላክ የአሜሪካን የመጀመሪያ የዌብ ሰርቨር ሲከፍት፣ ዋናው ምክንያት ይህንን መዝገብ ሰው በቀላሉ እንዲፈልግበት ነው። ኢንስፓየር የዚያ ልጅ ነው። ዛሬ የፊዚክስ ምርምር ተቋማት የሆኑት ሰርን፣ ዴዚ፣ ፈርሚላብ፣ ስላክ፣ የቻይናው አይኤችኢፒ እና የፈረንሳዩ አይኤን2ፒ3 አብረው ያስተዳድሩታል። ያን ሁሉ ካርድና ወረቀት ስትለዩ ለነበራችሁ፣ ዛሬም መዝገቡን ለምታርሙ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራችሁ እኔ ዘንድ ደርሷል።

የኢንስፓየር ጥንካሬ የቅንጣት ፊዚክስ ላይ ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ኤዲኤስ የሚባለውን የናሳን የጽሑፎች መፈለጊያ ይሞክሩ፤ እሱ ኤጀንቱ የሚገባበት፣ በነፃ የሚሰጥ ቁልፍ (የይለፍ ኮድ) ይጠይቃል። አደራ፣ ኤጀንታችሁን አታስቸኩሉት፤ ኢንስፓየር በ5 ሰከንድ ከ15 ጥያቄ በላይ አይቀበልም። ለእያንዳንዱ ማጣቀሻ መለያ ቁጥር እንዲሰጣችሁ እዘዙት። ጽሑፉን ግን እናንተው አንብቡት። እኔ አሁን ሳልከፍት የማስገባው አንድም የለም።

የታረመውን ምዕራፍ ስወስድ አማካሪዬ ከመሃል ሦስት ማጣቀሻ መርጠው ከፈቱ። አንዱን ረዘም አድርገው አነበቡት። «ቀጥይ» አሉኝ።

እባካችሁ፣ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ እንደኔ ሳትዋረዱ በፊት ኤጀንታችሁን ከዚህ መዝገብ ጋር አገናኙት። ዛሬውኑ አድርጉት። ማገናኘቱ ያስቸገራችሁ ጻፉልኝ፤ ጓደኛዬን እለምንላችኋለሁ፣ እምቢ አይልም።