እትዬን አክብራ ቤታቸውን ላቃናችላቸው ሶሻል ወርከር

ለንደን ውስጥ በአንድ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) አዳልት ሶሻል ኬር (የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ) ክፍል ለምትሠራ አንዲት ሶሻል ወርከር ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ። ስሟን እንዳልጠቅስ ራሷ ስለጠየቀችኝ አልጠቅስም። የአክስቴን ጉዳይ የምጽፈው ደግሞ አስፈቅጄ ነው። እትዬ «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው» ብለውኛል። ሌላም ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ «እሷኮ ቤቷ ሰው አታስገባም» ሲባል ስንቴ ሰምተናል።

እትዬ ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ባሰ። ኮሪደሩ በጎን ካልሆነ አያሳልፍም ነበር። ምድጃው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ ተከምሯል። ሳሎኑን የሞላው ግን የሀገር ቤት ዕቃ ነው። ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ያልተነሳለት የሕፃናት ሹራብ። ሁሉም በጥቁር ፌስታል ታስሮ የሚላክበትን ቀን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ፌስታል ለእሳቸው ለዘመድ የገቡት ቃል ነው።

ከዚህ በፊት አንዴ ቤቱ ተጠርጎ ነበር። ያከራያቸው ድርጅት ሰዎች ልኮ በአንድ ቀን ጭኖ ወሰደው። የባለቤታቸው ካፖርት ሳይቀር አብሮ ሄደ። እትዬ ከዚያ በኋላ በር መክፈት አቆሙ፤ ስልክም አያነሱም። ዓመት ሳይሞላው ቤቱ እንደነበረ ሆነ። እንዲያ ያለው ጠረጋ ሰውን ከመስበር በቀር ምንም አይፈይድም። አሁንም ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው።

ይህች ሶሻል ወርከር ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ «መግባት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚ ይዛ ነው የመጣችው፣ ካውንስሉ የከፈለላት አማርኛ ተናጋሪ። እኔ ላስተረጉም ስል «አንቺ የእህት ልጅ ሆነሽ ተቀመጪ፤ ይሄ የእኛ ሥራ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። እትዬ በእኔ በኩል ቢሆን የማይናገሩትን ተናገሩ። አስተርጓሚዋም «እርስዎ» እያለች፣ የሚሉትን ሳታሳጥር አደረሰችላቸው። እሷንም ከልብ አመሰግናለሁ።

በዚያ ቀን አንዲት ወረቀት እንኳ ከቦታዋ አላነሳችም። ከቦርሳዋ 9 ፎቶዎች አወጣች። አንድ ሳሎን ነው፤ 1 ቁጥሩ ላይ ንጹሕ፣ 9 ቁጥሩ ላይ እስከ ጣሪያው የተሞላ። እዚህ ሀገር የእሳት አደጋ ሠራተኞችም፣ ካውንስሎችም ይጠቀሙበታል። «የእርስዎ ሳሎን የቱን ይመስላል?» አለቻቸው። እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው ብዙ ካዩ በኋላ ጣታቸውን 6 ላይ አሳረፉ። ማንም አልተከራከራቸውም፣ ማንም አልነገራቸውም። ራሳቸው አዩት።

ቀጥላ «በዚህ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» አለች። «ቡና አፍልቼ ሰው መጥራት» አሉ። ዕቅዱ የተሠራው በዚህ ነው። መጀመሪያ ከአልጋው እስከ በሩ ያለው መንገድና ምድጃው፣ ምክንያቱም እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። ከዚያ ለረከቦት የሚሆን ቦታ። የለንደን እሳት አደጋ መከላከያ ሰዎችን ጠርታ የጭስ ማስጠንቀቂያ አስገጠመችላቸው። ይህ አገልግሎት ነጻ ነው፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም።

የሀገር ቤቱ ክምር ላይ ሲደረስ ነው ትዕግሥቷን ያየሁት። ፌስታል አንስታ «ይሄ ለማን ነው?» ትላለች። እትዬ ያወራሉ። የእህታቸው ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የንስሐ አባታቸው። አንድ ጠዋት ሙሉ በአንድ ፌስታል አለቀ። የትምህርት ቤት ቦርሳው የታሰበላት ልጅ አሁን ስንት ዓመቷ እንደሆነ ስትጠይቃቸው እትዬ ዝም አሉ። «አግብታለች» አሉና ቦርሳውን ራሳቸው ለብቻው አስቀመጡት። በመጨረሻ ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ሁለት ካርቶን የሚሞላው በካርጎ ይላካል፣ የቀረው ለቻሪቲ ሾፕ። ከዓመት በላይ ፈጅቷል። መኝታ ቤቱ ዛሬም ጠባብ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ግን ሰው ይቀመጣል፤ ምድጃውም ይበሰልበታል።

ከዘመድ መካከል «በግድ ለምን አያጸዱትም?» ብሎ የተቆጣ ነበር። እሱንም አስቀምጣ አስረዳችው። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የእንግሊዝ ሕግ አንድ ሰው የማያስደስተንን ውሳኔ ስለወሰነ ብቻ «ማሰብ አይችልም» ማለትን ይከለክላል። ዕቃ ከልክ በላይ ማከማቸትም ስንፍና አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ በጂፒያቸው (በቤተሰብ ሐኪማቸው) በኩል ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚታከሙበትን የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲጀምሩ አደረገች። እዚያ ስለ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤታቸውም አወሩ። የለቅሶው ሰው ከተበተነ ወዲህ ስለ ባለቤታቸው እትዬን የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ገበናችን ይወጣል ብላችሁ አትደብቁ። እንግሊዝ ውስጥ ከሆናችሁ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ወደሚኖሩበት ካውንስል ደውሉና «አዳልት ሶሻል ኬር» በሉ። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አደዋወሉ ግን ያው ነው። ከተቻለ ባለጉዳዩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። እንግሊዝ ውስጥ ከሆነ «እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ኬር አክት መሠረት የእንክብካቤ አሰስመንት እንዲደረግ እፈልጋለሁ» በሉ፤ አሰስመንት ማለት ምን እርዳታ እንደሚያስፈልግ የሚታይበት ግምገማ ነው። አሰስመንቱ ገንዘብ ኖራችሁም አልኖራችሁም አይከለከልም፣ አይከፈልበትምም። ከዚያ በኋላ ለሚሰጠው አገልግሎት ግን ገቢ ታይቶ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምታስታምሙት እናንተ ከሆናችሁ ለራሳችሁም የኬረር (የአስታማሚ) አሰስመንት ጠይቁ። እኔ ይህንን ያወቅኩት ከእሷ ነው። አስተርጓሚ እንደምትፈልጉም በዚያው ስልክ ላይ ተናገሩ፤ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ስልኩን ያነሳው ሰው «የቤት መዝረክረክ እኛን አይመለከትም» ሊላችሁ ይችላል። የኬር አክቱ መመሪያ ራስን መጣል (ሰልፍ ኔግሌክት፣ ራስን አለመንከባከብ) ከሚላቸው ነገሮች ውስጥ ዕቃ ማከማቸትን በስሙ እንደሚጠቅሰው ንገሩት። አሁንም እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ የተናገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑንም መዝግቡ።