ሥራው ቀድሞ፣ ዜናው ዘግይቶ፦ የሳይንስ ቤተ መጻሕፍታችን

የዩኒቨርሲቲያችንን የሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ስጠቀም ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የማጠናው የአፈር ኬሚስትሪ ሲሆን ቋሚ ወንበሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መጻሕፍትን በየመስካቸው በቁጥር በሚለየው በዲዊ አመዳደብ 540 ከሚለው መደርደሪያ አጠገብ ይገኛል። ከኋላዬ ኬሚስትሪ ነው፤ ከፊቴ በ550 የሚጀምረው የምድር ሳይንስ። እኔ የምፈልገው መጽሐፍ ግን ከሁለቱም አይገኝም። የአፈር ነገር በግብርና ሥር 631 ላይ ተመድቧል፤ እርሱ ደግሞ ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚህ ቤተ መጻሕፍቱን አልወቅስም፤ ዕዳው የእኔ ሙያ ነው።

መጻፍ የፈለግሁት ስለ መደርደሪያው ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ ለማኅበረሰቡ ስለሚያዘጋጃቸው ነገሮችና እነርሱን ስለሚያወራበት መንገድ ነው። መንገዱ ሁለት ነው፤ አንደኛው በየሰኞው በኢሜይል የሚላክ ዜና፣ ሌላው መግቢያው ላይ ያለው ባለመስታወት ሰሌዳ። የሰሌዳውን ቁልፍ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን ግን የሚከፍተው አልፎ አልፎ ነው። በማርች 14 የተከበረው የዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ማስታወቂያ ሜይ ሲጋመስም እዚያው ተለጥፎ ነበር።

የሒሳብ ቀኑ ራሱ ግን ደስ የሚል ነበር። ፓይ 3.14 ብሎ ስለሚጀምር፣ ወርን ከቀን አስቀድሞ ለሚጽፍ ሰው ማርች 14 የፓይ ቀን ይሆናል፤ ቀንን ለሚያስቀድም ግን ቀልዱ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የሳይንስ ሙዚየም የተጀመረ ጨዋታ ነው፤ ዩኔስኮ በ2019 የሒሳብ ቀን አድርጎ ተቀበለው። በእኛ ቤተ መጻሕፍት የፓይን አኃዞች በቃል የመውጣት ውድድር ተካሄደ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ከ200 በላይ አኃዝ ስትደርድር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በጣቱ ወረቀቱ ላይ እየተከተለ ከእርሷ ይልቅ እርሱ ላብ አጠመቀው። ችግሩ ጭብጨባው ነው። ዝግጅቱ ምድር ቤት፣ የዝምታው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ፣ መካከላቸው ደግሞ በር የሌለው ደረጃ ነው። ለፈተና የሚያጠኑት ሰዎች በእያንዳንዱ አሥር አኃዝ ቀና እያሉ ዋሉ።

ለዚህ ዝግጅት የሰኞው ዜና ግማሽ ገጽ ከነፎቶግራፉ ሰጠ። እኔን ከትልቅ ውርደት ላዳነኝ አገልግሎት የተሰጠው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሐሙስ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት የመረጃ ፍለጋ ምክር»። አራት ወንበሮች ያሉት ትንሽ ክፍል ነው። በሄድኩበት ቀን ሦስቱ ባዶ ነበሩ።

ይዤ የሄድኩት ጥያቄ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ የአፈር ዓይነት ከፍተኛ ፎስፈረስ የመያዝ አቅሙ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር አምስት ጥናቶች ላይ አግኝቻለሁ፤ ከአምስቱ የትኛውን ልጥቀስ አልኩ። ባለሙያው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህን ቁጥር መጀመሪያ የለካው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አብረን ወደ ኋላ ተጓዝን። አምስተኛው አራተኛውን ይጠቅሳል፣ አራተኛው ሦስተኛውን፤ እንዲህ እያልን በ1974 የታተመ አንድ ጽሑፍ ላይ ደረስን። ቤተ መጻሕፍታችን የለውም። በቤተ መጻሕፍት መካከል በሚደረገው የውሰት ልውውጥ ጠየቁልኝና በአራተኛው ቀን ቅጂው በኢሜይል ደረሰኝ።

ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ቁጥሩ ያው ነው፤ መለኪያው ግን በኪሎ ግራም አፈር ሚሊ ግራም ይላል። ከእርሱ ቀጥሎ የጻፈው ሰው በሊትር ሚሊ ግራም አድርጎታል፤ የቀሩት አራቱ ዋናውን ሳያዩ ከእርሱ ገለበጡ። እኔም ስድስተኛዋ ልሆን ሁለት ሳምንት የሠራሁትን ስሌት ይዤ ተሰልፌ ነበር። ላመሰግናቸው ስመለስ ባለሙያው፣ «ኬሚስትሪው የአንቺ ነው፤ እኔ የማውቀው ወረቀቱ የት እንዳለ ብቻ ነው» አሉና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ።

ቅሬታዬን ያጠነከረው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከደንበኝነት የተሰረዙ መጽሔቶች ዝርዝር ወጣ፤ ከእነርሱ አንዱን በየሳምንቱ አነበው ነበር። የሰማሁት ገጹ አልከፍት ሲለኝ ነው። ተመልሼ የድሮውን ዜና ስፈልግ፣ ከአዲስ ወንበሮች ፎቶግራፍ በታች፣ «የደንበኝነት ማስተካከያ ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ማስተካከያ! ገንዘብ ስላጠረን ቀነስን ቢሉን እንረዳቸው ነበር፤ ምናልባትም ቀድመው ቢጠይቁን የትኛው ይቅር የትኛው ይቆይ ብለን እንነግራቸው ነበር።

ፍትሐዊ ልሁንና መድኃኒቱንም ያገኘሁት እዚያው ነው። የምርምር ጽሑፎች ለሁሉም በነጻ እንዲነበቡ ለማበረታታት በኦክቶበር በሚከበረው የክፍት ተደራሽነት ሳምንት አንዲት ወጣት ባለሙያ የተዘጋ ጽሑፍ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ እንዴት እንደሚፈለግ አሳየችን። ብዙ አሳታሚዎች ደራሲው ተቀባይነት ያገኘውን የመጨረሻ ረቂቅ በዩኒቨርሲቲው ማኅደር እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ወራት ጠብቅ ይላሉ እንጂ አይከለክሉም። የፊዚክስ ሰዎች ረቂቃቸውን አርካይቭ በተባለው ነጻ የኢንተርኔት ማኅደር ላይ ማኖር የጀመሩት በ1991 ነው። የዚሁ ዓይነት ማኅደር፣ ኬምአርካይቭ፣ ለእኛ ለኬሚስቶች የተከፈተው በ2017 መሆኑን ስትነግረን ከፊት የተቀመጠ የፊዚክስ ተማሪ ዞሮ ሳቀብን። ከተሰረዘው መጽሔት ከምፈልጋቸው ስድስት ጽሑፎች አራቱን በዚያው ቀን አገኘሁ።

የጋላክሲ ምሽትም ነበር፤ በ2007 በተጀመረው፣ ማንም ሰው ሳይንቲስቶችን በሚያግዝበት ጋላክሲ ዙ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሰማይ ፎቶግራፎችን እያዩ የጋላክሲዎችን ቅርጽ የሚለዩበት። ሰው እንዲመጣ ያደረገው የአንዲት የኔዘርላንድ የትምህርት ቤት መምህርት ታሪክ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ሥዕሎቹን ስትለይ፣ ሳይንቲስቶቹ ከዚያ በፊት ያላስተዋሉትን አረንጓዴያማ የጋዝ ደመና ያየችው እርሷ ነበረች። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ለስላሳ ክብና ጥምዝ ክንድ ስለይ ቆይቼ ምንም አላገኘሁም፤ ዓይኔ ግን አርፎ ወጣሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አምስተኛውን ለሰሌዳው ቁልፍ ያዥ አስቀምጬለታለሁ። የዚህ ሳምንት ዜና የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የሐሙሱ የምክር ሰዓት ለዚህ ሳምንት ብቻ ወደ ሰኞ መዛወሩን ይገልጻል።