የቀበሌ ቤት በጎጃም ከተሞች፦ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ውሉስ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሞጣ የቀበሌ ቤትን በዋጋ የሚወዳደረው የለም። የግል አከራይ ለአንዲት ክፍል በወር የሚጠይቀው፣ የቀበሌ ተከራይ በዓመት ከሚከፍለው ሊበልጥ ይችላል። ስለ ጥራቱ ብዙ አንልም፤ ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ያረጀ ቆርቆሮ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ቀበሌ ከመነሻው የደረሰው ርካሹ ቤት ነው፤ ኪራዩም ያኔውኑ በአዋጅ ስለተቀነሰ ለጥገና የሚተርፍ ነገር የለውም።

አገልግሎቱ የሚመዘነው ግን በውሉ ነው። ተከራዩ ወይም የትዳር ጓደኛው በከተማው የግል ቤት ካላቸው ይለቃሉ፤ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማከራየትም ሆነ ዘግቶ መሄድ አይቻልም። እነዚህ ፍትሐዊ ናቸው። ቤት ሠርቶ የቀበሌውን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያከራይ ሰው የያዘው የሌላ ችግረኛ ተራ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ከገጠር ለትምህርት የመጣች የእህት ልጅ በጎረቤት ጥቆማ “ተከራይ” ልትባል ትችላለች። ልጅቷ በመጣችበት ሳምንት በቤቱ ፋይል ላይ ማስመዝገብና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ምዝገባው ስም ለማዞርም ይጠቅማል፦ ዋናው ተከራይ ሲሞት የሚፈተሸው አብሮ መኖር ነው፤ አያቱ ያሳደገችው የልጅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ፋይሉ ላይ ስሙ ስለሌለ ነው።

“ለመኖሪያ ብቻ” የሚለው አንቀጽ ሲተረጎም ግን ይጣመማል። በጎጃም ከተሞች ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ቃሉ እንዳለ ከተተረጎመ ሁሉም ውል አፍራሽ ናቸው። የእሳቱ አደጋ እውነት ነው፤ ግድግዳው እንጨት ነውና። መፍትሔው ግን እሳቱን ከመኖሪያው ወደተለየ ማድ ቤት ማውጣት እንጂ ሰውን ማስወጣት አይደለም።

ከቤቱ ጋር ያልተያያዘ ግዴታ ደግሞ በፍጹም አያሳምንም። ስብሰባ መቅረት፣ መዋጮ አለመክፈል ወይም የአንድ ልጅ ጥፋት ቤተሰቡን ከቤት የሚያስወጣ ከሆነ ቅጣቱ የሚወድቀው ጥፋት በሌለባቸው ላይ ነው። እንዲህ ሲባል “የውሉ አንቀጽ ስንት?” ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንቀጽ ከሌለ ምክንያት የለም።

አሠራሩ በጣም የሚደክመው ማስወጣቱ ላይ ነው። ደህና ማስጠንቀቂያ የተጣሰውን አንቀጽ፣ ማስረጃውንና ተከራዩ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ይይዛል። በቃል የተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ መልሱም መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት። ሌላው ወጥመድ ኪራይ “አንቀበልም” መባል ነው፤ ውዝፉ ሲጠራቀም ራሱ የማስወጫ ምክንያት ይሆናል። በዚያው ወር ለመክፈል መቅረብን በደብዳቤ ማስታወቅ፣ ካልሆነም ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል በአደራ ማስያዝ ይገባል። ቤቱ ከመታሸጉ በፊት ክስ ከቃለ መሐላ ጋር አቅርቦ እግድ መጠየቅ ይሻላል፤ ከታሸገ በኋላ የሚታገድ ነገር ትንሽ ነው። አርብ ከሰዓት የታሸገ ቤት ደግሞ እስከ ሰኞ ሰሚ የለውም።

ሕጉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ስለ መኖሪያ ቤት የሚናገረው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እያለ ነው፤ ይዘውት የሚከራከሩበት ዋስትና አይደለም። ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው አንቀጽ 37 ነው። ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የክልል ቀበሌን አይነካም። በአንጻሩ የግል ኪራይን ያስተካከለው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስለት የቀበሌ ተከራይ እንግዲህ በዚህ በኩል ከግለሰብ ተከራይ ያነሰ ዋስትና አለው ማለት ነው። መንግሥት ከግል አከራይ የጠየቀውን ከራሱ መጠየቅ ነበረበት።

ለዋጋው ከአምስት አምስት፣ ለውሉ ሦስት፣ ለማስወጣት ሥርዓቱ አንድ እንሰጣለን። ቤቱን ለሚይዝ ሰው አንድ ነገር ይቀራል፦ ጣሪያ ከሰኔ በፊት፣ ምርግ ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይሠራ፤ ግን አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ይውጣ። ያለ ፈቃድ የተለወጠ ግድግዳ “ቅርጽ ማዛባት” ይባላል፤ ወጪውም ከኪራይ እንዲታሰብ በጽሑፍ ስምምነት ካልተደረሰ አይመለስም።