አራት ሰዓት ብቻ የሠራችው የአንገት ቦርሳ

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለች። «ያቺን አንገትሽ ላይ የምታንጠለጥያትን ቦርሳ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ትላለች። ወደ ዱባይ ፕሮሰስ ጀምራለች። በስልክ ላስረዳት ብል ካርዴ ያልቃል፣ ስለዚህ ጻፍኩላት። ሌላም የምትጠቀምበት እህት ካለች ታንብበው።

ዕቃዋ ይቺ ናት። ጥቁር፣ ስስ፣ ከመዳፍ ትንሽ ሰፋ የምትል የናይለን ቦርሳ። ሁለት ኪስ አላት፣ ሁለቱም ዚፕ አላቸው። በጀርባዋ በኩል እንዳያልብ ብለው ወንፊት መሳይ ጨርቅ ሰፍተውባታል። ልብስ ውስጥ ትገባለች፣ ከላይ አትታይም። የገዛኋት መጋቢት 2015 ላይ፣ ለመብረር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ካሉት ልጆች። 250 አለኝ፣ በ180 ተስማማን።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ልናገር። ጨርቋ ጎበዝ ነው። ስንቴ በእጄ አጥቤያታለሁ፣ አልለቀቀችም፣ ስፌቷም አልተተረተረም። ገመዷ ግን አይረባም። ቀጭን ነው፣ አንገት ይቆርጣል። የሐምሌ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ያሳክካል። እኔ ቆርጬ ጣልኩትና ከአሮጌ ሻሽ ቀድጄ ሰፋሁበት። አሁን ተመችቶኛል።

ዋናው ሥራዋ ፓስፖርት መያዝ አይደል? ከቦሌ ዱባይ አራት ሰዓት በረርን። አራት ሰዓት በደንብ ያዘችልኝ። ኤርፖርት የመክተቡ (እዚያ ያለው የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ) ሹፌር ጠበቀኝና «ጀዋዝ!»፣ ፓስፖርት፣ ብሎ እጁን ዘረጋ። ወደ ግድግዳው ዞር አልኩና በአንገቴ በኩል አወጣሁት። ስሰጠው ገና የገላዬ ሙቀት አልለቀቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓስፖርቴን ለሁለት ዓመት አላየሁትም።

የገባሁት ሻርጃ ነው። ከወር በኋላ መታወቂያዬ ወጣ። መኖሪያ ፈቃዱ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም፣ መታወቂያው ራሱ በቂ ነው። ይሄን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ «ማዳም፣ ፓስፖርቴስ?» አልኳት። ቁም ሳጥኗን ከፍታ ትንሽ የብረት ሣጥን አሳየችኝ። «ሐራሚ ዋጂድ» አለች፣ ሌባ ብዙ ነው ማለቷ ነው። «ኢንዲ፣ ኻላስ።» እኔ ጋ ይቀመጣል፣ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሴት አልነበረችም። ደሞዜን በወሩ ትሰጠኝ ነበር። ስታመም ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። ግን እኔን ለማስመጣት ለመክተቡ ብዙ ሺህ ዲርሃም ከፍላለች። ጠፍቼ ሌላ ቦታ ብገባ ብሯ ቀለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ፓስፖርቴ እሷ ጋ መያዣ ሆኖ ተቀመጠ። አራጣ አበዳሪ ወርቅ እንደሚይዘው ማለት ነው። ብዙ ሰው «ክፉ ቤት ከገባሽ ነው የሚወስዱብሽ» ይላል። ወላሂ ውሸት ነው፣ ደጉም ቤት ይወስዳል።

እንግዲህ ቦርሳዋ ባዶዋን ልትቀር አይደል? አልቀረችም። ወንድሜ ከመሄዴ በፊት ፓስፖርቴን ኮፒ አድርጎ፣ ላሚኔት አስደርጎ ሰጥቶኝ ነበር። ያኔ ስቄበታለሁ። እሱን ከተትኩ። የኮንትራቴን ኮፒ በአራት አጥፌ ከተትኩ። የኤጀንሲውን ስልክ፣ የእናቴን ስልክ፣ ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር የምትኖረውን ጓደኛዬን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስልኬ ቢወሰድ ብዬ ነው። ቦርሳዋ ከተሠራችለት ዕቃ በስተቀር ሁሉን ነገር ይዛ ከረመች።

መጋቢት 2017 ላይ ኮንትራቴ አለቀ። ረመዳን ነበር። «ረመዳን ይለቅ» ተባልኩ። ዒድ አለፈ። «ሌላ ልጅ እስክትመጣ» ተባልኩ። ፓስፖርቱን ስጠይቅ ዝም። ጓደኛዬ «ጥፊ፣ እኔ ጋ ነይ፣ በሰዓት ትሠሪያለሽ» አለችኝ። ልቤ ተነሥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ሻንጣዬን ሁሉ ቆልፌ ነበር። ግን ከቤት ከወጣሽ አሠሪሽ ጠፍታለች ብላ የአገሩ የሥራ ሚኒስቴር ጋ ታስመዘግባለች። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። መኖሪያ ፈቃድሽ ይበላሻል፣ ፓስፖርትሽም እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቤቱታ፣ መውጣት ከኋላ። ዱላ ወይም የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ አትጠብቂ፣ 999 ፖሊስ ነው።

ሁለተኛው ግምገማዬ ስለ ስልኩ ነው። 80084 ይባላል፣ የሰው ሀብትና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር (ያው የሥራ ሚኒስቴሩ) የሠራተኞች አቤቱታና ምክር መስመር። የእኔ ዓረብኛ የማድ ቤት ዓረብኛ ነው። «ሽንኩርት አልቋል» እንጂ «ሕጋዊ ሰነዴ ተይዞብኛል» ማለት አልችልም። ስለዚህ ጓደኛዬን በሌላ ስልክ መሥመር ላይ አስገብቼ አስተረጎምኩ። ምን ምን ጠየቁኝ? የመታወቂያ ቁጥር፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የአሠሪ ስምና ስልክ፣ ኮንትራቱ ያለቀበት ቀን። እጄን በአንገቴ ሰድጄ ላሚኔቱን አወጣሁ። ወንድሜ ላይ በመሳቄ ያኔ ነው ያፈርኩት።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9፣ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን ራሷ የመያዝ መብት አላት ይላል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከሱ ውስጥ 8ቱ የማይቆራረጥ፣ ይሄም እዚያው አለ። ሚኒስቴሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለማስማማት ይሞክራል። ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ የቤት ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አትከፍልም። እኔ እዚያ አልደረስኩም። ለባልየው ተደወለለት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ማድ ቤት ስገባ ፓስፖርቴ ከቴምሩ ሳህን ጎን ተቀምጧል። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ምንም ሳልል ሻይ ጣድኩ። ለስልኩ ከአምስት አምስት።

ፓስፖርቱን ጨርሶ አልሰጥም ካሉ ወይም ጠፋ ካሉ ደግሞ ቆንስላችን ዱባይ፣ ኤምባሲያችን አቡ ዳቢ ነው። ሊሴ ፓሴ የምንለውን የመመለሻ ወረቀት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እዚያም የሚጠየቀው ማን መሆንሽን የሚያሳይ ነገር ነው፣ ስለዚህ ኮፒዋን አትርሺ። አገር ቤት ያለውን ኤጀንሲም ቤተሰብሽ ይያዘው። በእኛ አዋጅ (923/2008) ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። «እኛ ከላክናት በኋላ አያገባንም» ቢሉ አትስሟቸው።

ይሄ ሁሉ የኤምሬትስ ነው። ሌላ አገር የምትሄጂ ከሆነ ስልኩም ሕጉም ይለያል። ሳዑዲ 19911 ነው። ኳታር በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ ፓስፖርት ለሚይዝ አሠሪ እስከ 25,000 ሪያል ቅጣት አላት። ኩዌትም በዚያው ዓመት ለቤት ሠራተኛ ሕግ አውጥታለች። ሊባኖስ ግን የቤት ሠራተኛ ከሥራ ሕጉ ውጭ ናት፣ እዚያ ሆነው የሚታገሉ እህቶቻችን ሥራቸው ከባድ ነው።

ወደ ቦርሳዋ ልመለስ። አገር ቤት ገብቼ፣ እናቴን ስሜ፣ አሁን ሁለተኛ ኮንትራቴ ላይ ነኝ። የአሁኗ ማዳም ገና በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቴን ስትጠይቀኝ የመታወቂያው ጉዳይ ሲያልቅ እመልስልሻለሁ አለች፣ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጽፌ አስፈርሜያታለሁ። በ11ኛው ቀን መለሰች።

እና ልግዛ ወይ ላልሽው፦ ግዢ፣ ግን ከ200 በላይ እንዳትከፍዪ። ነጭ አትግዢ፣ ላብ ያቆሽሸዋል። ገመዱን ቀይሪ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ፓስፖርት በሜትር ለክቼዋለሁ፣ 12.5 በ8.8 ሴንቲ ነው። ትልቁ ኪስ ከሱ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚተርፈው። ፓስፖርቱ ሲገባ ዚፑ ጥግ ላይ ይይዛል፣ መጎተት ያስፈልገዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም ይዞ አያውቅም ነበር።