ሸክላ ወደ ፍላሽ የምታስቀዱ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ ጥሬውን ቅጂ ሳትቀበሉ እንዳትከፍሉ

ቤት የቆየ ሸክላ ይዛችሁ «ወደ ፍላሽ እንቀዳለን፣ ድምፁንም እናጸዳለን» ወደሚሉት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በፍሬ ሒሳብ ከሚሠራው ውስጥ ሸክላው ጭራሽ ያልተጫወተበት አለ። ባለሙያ ነኝ ባዩ የዘፈኑን ርዕስ ያነብና ከዩቲዩብ አውርዶ በፍላሽ ይሰጣችኋል። ሸክላው ከመሳቢያ ሳይወጣ ይመለሳል።

ይህን መያዝ ቀላል ነው። ሸክላውን ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ብርሃን አጋድማችሁ እዩት፤ መስመሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ካለ ፎቶ አንሱት። መርፌው በየዙሩ ያን ጭረት ይረግጠዋል። ስለዚህ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር (ባለ 45 ዙር) ሸክላ ላይ በየ1.33 ሰከንዱ፣ ባለ 33⅓ ዙሩ ላይ በየ1.8 ሰከንዱ ይመጣል። ማጫወቻው ፍጥነቱን ጠብቆ ሳለ ጠቅታው በዚህ ልክ ካልተመላለሰ የተቀዳው የእናንተ ሸክላ አይደለም። «አጽድቼው ነው የጠፋው» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ አንድ ነው፦ ጥሬውን አምጣ። መርፌው ያነበበውን፣ ማንም ምንም ያልነካካውን ማለት ነው። በእውነት የቀዳ ሰው ጥሬው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኖራል። ገና ሸክላውን ስታስረክቡ በዚህ ተስማሙ፤ በኋላ «አጥፍቼዋለሁ» ካለ ሒሳቡን ያዙት።

ጥሬውን የምትጠይቁት ግን ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም። በሐቅ የቀዳውም በማጽዳቱ ያበላሸዋል፤ ጥሬው ከሌለ መመለሻ የለውም። ብዙዎቹ የሚሠሩበት ኦዳሲቲ ነው፤ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ክፋትም የለበትም። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካለው ባዶ መስመር ጥቂት ናሙና ይወስድና ያንን የመሰለውን ድምፅ ከዘፈኑ ሁሉ ይቀንሳል። 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቢቀንሱ ጆሮ እምብዛም አያውቀውም፤ 12ም በጥንቃቄ ያስኬዳል። ጉዱ ደንበኛው «ጸጥ አለ!» እንዲል 24 ሲያደርጉት፣ አንዳንዴም ደጋግመው ሲያስኬዱት ነው። የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፈትገው የሚሰማው ሻካራ ድምፅና የዋሽንት ትንፋሽ ለኮምፒውተሩ ከሸክላው «ሽሽሽ» ብዙም አይለዩም፤ አብረው ይጠረጋሉ። ድምፃዊው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፣ ከኋላውም እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ የሚንሿሿ ነገር ይሰማል። ጠቅታ ማጥፊያውም ሲበዛ የክራሩን ምት ጫፍ ይበላል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ጠቅታው ቀድሞ፣ «ሽሽሽ»ው ቀጥሎ ነው።

ከ1960ዎቹ የቀሩት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ተብሎ ያልተከፈለ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። በስቴሪዮ መርፌ (ግራና ቀኙን ለየብቻ በሚያነበው) የተቀዳውን ግራና ቀኝ ወደ አንድ መደመር ብቻውን፣ መርፌውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያናጥረውን የአቧራ ድምፅ ያጠፋፋል፤ ዘፈኑ አይነካም። ይህን ሳይሠራ ወደ ማጽጃው የሚሮጥ ሰው ሥራውን አያውቅም።

ፍጥነት ሌላው ጣጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማጫወቻ ሞተሩ ለ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ) መብራት የተሠራ ከሆነ፣ በእኛ 50 ኸርዝ 45 ዙሩ ወደ 37.5 ይወርዳል። ትራንስፎርመር 220ን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል፣ ዘፋኟም ወንድ ወንድ ትላለች። ቅኝቱ ግን አይለወጥም፤ አምባሰሉ አምባሰል፣ ባቲውም ባቲ ነውና ጆሮ ሳይጠረጥር ያልፈዋል። ባለ 45ቱ ሸክላ መሃል ላይ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ በስልክ 30 ሰከንድ ያዙ፤ 22 ዙር ተኩል መሆን አለበት።

የማጫወቻው ገመድ ኮምፒውተሩ ማይክ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ካያችሁ ሸክላችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው፤ ያንን ወደ ልኩ የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ማጫወቻው ውስጥ አብሮ ካልተሠራ ለብቻው መኖር አለበት፣ አለዚያ ባስ የሌለው፣ ጆሮ የሚወጋ ቅጂ ነው የምትወስዱት። «እምምም» የሚል ካለ ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦው አልታሰረም። እሱ በብሎን የሚፈታ ችግር ነው፣ የጽዳት ሒሳብ አይጠየቅበትም።

በ78 ዙር የሚጫወቱትን፣ ሲወድቁ የሚሰበሩትን የጥንት ሸክላዎች በአልኮል ሊጠርግ የሚነሳን እጁን ያዙት፤ አልኮል የተሠሩበትን ሼላክ ያሟሟዋል። መርፌያቸውም ለብቻው ነው፦ ለ78ቱ ጫፉ ወደ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)፣ ለ45ና ለ33ቱ 18 ገደማ። በቀጭኑ መርፌ ካጫወቷቸው መስመሩ ወለል ላይ ያለውን ቆሻሻ ነው የሚያነበው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሸክላ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ፤ ፀሐይ ያጣምመዋል።

ጥሬውን በዌቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል፣ ተቀበሉ። በ16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 3 ደቂቃው 30 ይሆናል። 3 ሜጋ ብቻ ከሆነ የተጨመቀውን ኤምፒ3 ሰጥተዋችኋል። 30 መሙላቱም ዋስትና አይደለም፤ የዩቲዩቡን ወደ ዌቭ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። እዚያው ቆማችሁ፣ ሒሳብ ሳትከፍሉ፣ ጠቅታውን በሰዓት ቁጠሩ።