ኦክስፎርድ ኢንግሊሽ ዲክሽነሪን በአንድ ቃል ስፈትሸው

የትርጉም ሰው ነኝ። ከመዝገበ ቃላት ጋር ውዬ አድራለሁ። አንዱን መዝገበ ቃላት ለመመዘን ከባድ ቃል አልፈልግም፤ ሁሉም አውቀዋለሁ የሚለው ቃል ይበቃኛል። ለኦክስፎርድ ኢንግሊሽ ዲክሽነሪ የኦንላይን አገልግሎት የመረጥኩት «ብለሽ» የሚለውን ነው፤ ሰው ሲያፍር ፊቱ ቀላ የሚለውን።

ሌላው መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ይሰናበታችኋል። ይሄኛው የቃሉን ዕድሜ ያሳያል። ምሳሌዎቹ ከጥንቱ ጀምረው በዘመን ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ቃሉ ድሮ ከማብራትና ከመቅላት ጋር የተያያዘ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ማየት፣ በጨረፍታ መመልከት ማለትም ሆነ። እንግሊዞች «አት ፈርስት ብለሽ» ብለው «ላይ ላዩን ሲታይ» ማለታቸው ለዚህ ነው። ሃፍረት የለበትም፤ የድሮው ጨረፍታ ነው እስካሁን የቆየው።

ጎረቤቱን «ፍለሽ»ንም ማየት ደግ ነው። እሱም መቅላት ነው፣ ግን ትኩሳትም፣ መጠጥም፣ ንዴትም ያመጣዋል። ይህን ያላየ ተርጓሚ ትኩሳት የያዘውን ሰው «አፈረ» ብሎት ቁጭ ይላል።

ከዚያ ወደ ሥነ ጽሑፉ ስትገቡ ጥቅሙ በደንብ ይታያል። በሼክስፒር «ማች አዱ አባውት ነቲንግ» ተውኔት ሙሽራዋ ሄሮ በሠርጓ ላይ ትወነጀላለች። ፊቷ ይቀላል። ሙሽራው ክላውዲዮ «ይሄ የጥፋተኛ መቅላት እንጂ የጨዋነት አይደለም» ይላል። እዚያው ትዕይንት ላይ ቄሱ ያንኑ ፊት ያይና ንጹሕነቷን ያነብበታል። አንድ መቅላት፣ ሁለት ፍርድ! በአማርኛ «አፈረች» ብለን ብንጨርሰው ክርክሩ ይሞታል። «ፊቷ ቀላ» ብለን ምክንያቱን ለተመልካች መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ቶማስ ግሬይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1751 ባሳተመው ግጥም ማንም ሳያያት የምትቀላ አበባ አለችው። እሷ ምንም አላፈረችም፤ ፈክታ ነው።

መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል እየታተመ የተጠናቀቀው በ1928 ነው። ያ ሁሉ ልፋት በየገጹ ይታያል።

ለፈጣን ፍቺ ግን አይሆንም። አንዱ ቃል ብዙ ያስነብባል፣ ቶሎ መልስ ለሚፈልግ ያሰለቻል። ሙሉው አገልግሎትም በክፍያ ነው። ተርጓሚ ወይም አርታኢ ከሆናችሁ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አባል የሆናችሁበትን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ለአባሎቻቸው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።